የፈረሱና የዶሮዋ ሙግት

ትናንት ጊዮርጊስ አጠገብ አንዲት ሕፃን የሁለት አሻንጉሊቶቿን ነጠላ ጫፍና ጫፍ ስትቋጥር አይቼ ሳቄ አመለጠኝ።

እኛም ልጆች ሳለን አራዳ ውስጥ እንዲሁ አድርገናል። ታናሽ እህቴ አልማዝ እኩዮቿ ሲለፈልፉ እሷ አፏን አልፈታችም ነበር። እናቴ ተጨንቃ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አባባ ይመር ግን፣ «ልጅ አፉን የሚፈታው በልመና አይደለም፤ በሙግት ነው» አሉና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ፈረስና ዶሮ ሰፉልን።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። አባባ ይመርም ደጃችን ላይ አልማዝን ዳኛ አድርገው፣ ፈረሱንና ዶሮዋን በጨርቅ አቆራኝተው ፊቷ አቆሟቸው።

እኔ ለዶሮዋ ቆሜ፣ «ይሄ ፈረስ ገብሴን በላብኝ!» አልኩ።

አባባ ይመር ለፈረሱ ቆመው፣ «በሕግ አምላክ! ገብስ የሚባል በዓይኔም አላየሁ!» እያሉ እጃቸውን አወናጨፉ። እኔም እልህ ይዞኝ ጮኽኩ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ይስቅ ጀመር። አልማዝ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ስታይ ቆይታ፣ ሁለቱንም አሻንጉሊቶች ነጠቀችና፣

«ዝም በሉ!» አለች።

እናቴ እልል እያለች ከጓዳ ወጣች። ጃንጥላው ለጊዮርጊስ ሲገባ አባባ ይመር ከደጃቸው ሆነው፣ «የተሟገትኩት እኔ፣ ጃንጥላ የተቀበለው ሌላ!» እያሉ እናቴን አሳቋት።

ዛሬ አልማዝን ዝም የሚያሰኝ አልተገኘም። ገብሱን ማን እንደበላው ግን እስካሁን አልፈረደችም።