ኦርቪል ራዳሩን ያስቀመጠ ዕለት

ኦርቪል ስታግስ የቤዝቦል ወርዋሪዎችን እያየ «ይሄ ወደ ላይ ይውጣ፣ ይሄ ወደ ቤቱ ይሂድ» ብሎ ለክለቡ ሲጽፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያተረፈው ነገር ቢኖር የነዳጅ ማደያ ሳንድዊች፣ የሞቴል አልጋና የማይታጠፍ ጉልበት ነው። ሚስቱ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ላይ «በቃኝ» ብላ ሄዳለች። ማን ይፈርድባታል?

በነሐሴ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አዮዋ ውስጥ፣ የበቆሎ ማሳ ወደከበባት አንዲት ትንሽ ከተማ ስታዲየም እያነከሰ ገባ። የመጣው ለዴሪክ ሃልም ነው። ዴሪክ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በታችኛው ሊግ አምስት ዓመት ለፍቷል። ክለቡ ኦርቪልን ሲልከው «ይሄን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ እይልን፤ ካልሆነ እናሰናብተው» ብሎታል። ይሄንን ዴሪክም ያውቃል፣ ሚስቱ ጆሊንም ታውቃለች።

እንደ ኦርቪል ያሉ የተጫዋች መልማዮች ወንበር ከመረቡ ጀርባ፣ በቀላቢው ትክክል ነው። የማን እርግማን እንደሆነ እንጃ፣ ለተጫዋች ሚስቶችም ትኬት የሚሰጣቸው እዚያው ነው። ስለዚህ መልማይ አፉንም ፊቱንም ይዘጋል። ሚስቶቹ ግን ሞኝ አይደሉም፣ እጁን ያያሉ። የኳሱን ፍጥነት የሚለካበትን ራዳር ካነሳ ባልሽ ገና ተስፋ አለው፤ ጭኑ ላይ ካስቀመጠው ግን አለቀለት፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ ነው። በሊጉ ይሄን የማያውቅ የለም።

ጆሊን ቀይ ኮፍያ አድርጋ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ከኦርቪል ጎን የሌላ ክለብ መልማይ የሆነው ሎኒ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ቅርፊቱን ይተፋል።

«ሽማግሌው፣ አሁንም አልሞትክም?»

«ጊዜ አጥቼ ነው።»

«ለዚህ ብለህ ነው አራት ሰዓት የነዳኸው? ኳሱ በሰዓት ሰማንያ ስድስት ማይል ለሚሄድ? በዚህ ፍጥነትማ እናቴም ትወረውራለች።»

«እንግዲያው እናትህን አስፈርማት።»

ዴሪክ አይቸኩልም ነበር። አንዱን ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጪ ይልካል። አንዳንዷን ኳስ ያዘገያታል፤ መቺው ዱላውን ሰንዝሮ ሲጨርስ ኳሷ ገና መንገድ ላይ ናት። እስከ አራተኛው ዙር ድረስ አንድም ሰው አጥርቶ አልመታውም። ኦርቪል ድካሙ ለቀቅ አደረገው። ሥራው ደስ ካሰኘው ስንት ዓመቱ! ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «ወደ ላይ ይውጣ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ከዚያ ቁጥር ማየቱ ሰለቸው፤ ልጁን በዓይኑ ብቻ ሊያየው ፈለገና ራዳሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ይሄን ይረሳል? ደስታ አስረሳው።

ጆሊን ዘወር ስትል ጭኑን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ቀይ ኮፍያዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ኦርቪል «ሙቀቱ ነው» ብሎ አለፈው።

በአምስተኛው ዙር ዴሪክ ሌላ ሰው ሆነ። ጥርሱን ነክሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ኳሱን ይለቅቀው ጀመር።

«ዘጠና አንድ» አለ ሎኒ በራሱ ራዳር እያየ። «ዘጠና ሦስት። ይሄን ልጅ ምን ነካው?»

«ተው ልጄ፣ ተው» አለ ኦርቪል በሆዱ።

ሰባተኛዋን ኳስ ሲለቅ ክንዱ ታጥፎ ደረቱ ላይ ቀረ። የሚወረውርበት ጉብታ ላይ ቁጭ አለ። ኦርቪል እንዲህ የተጎዳ ክርን ስንቱን አይቷል። ለመዳን ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ታችኛው ሊግ ላይ ያለን ወርዋሪ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ የሚጠብቀው ክለብ የለም።

ጨዋታው ሲያልቅ ጆሊን መኪናው ድረስ መጣች።

«ሚስተር ስታግስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«ራዳሩን ሲያስቀምጡ ለዴሪክ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኮፍያዬን ካወለቅሁ ‹ሊያሰናብቱህ ነው፣ ያለህን ሁሉ አውጣ› ማለት ነው፤ ምልክታችን ነው። ተሳስቼ ነው እንዴ? ወደውት ነበር?»

ኦርቪል የመኪናውን በር ተደገፈ። ደብተሩ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው፣ ያሰመረባት ገጽም እዚያው አለች። ለልጅቷ እውነቱን ብነግራት፣ አለ በልቡ፣ ዕድሜ ልኳን ያቺን ኮፍያ ስታወልቅ ትኖራለች። የጥፋቱ ባለቤት ደግሞ እኔ ነኝ።

«አልተሳሳትሽም» አላት። «አራተኛው ዙር ላይ ጨርሼ ነበር።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው። አልወደድኩትም። ባትነግሪው ሳይሞክር ይሄድ ነበር።»

ጆሊን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና በረጅሙ ተነፈሰች። «እንኳን ነገርኩት እንግዲያው» ብላ ወደ ባሏ ሄደች።

ኦርቪል የጨዋታው ወቅት እስኪያልቅ ድረስ በየስታዲየሙ ክንዱ እስኪዝል ራዳሩን እንዳነሳ ይውል ነበር። ሎኒ «ምነው ሽማግሌው፣ ተጣበቀብህ?» ይለዋል። አያስቀምጠውም።