ከልጄ የደበቅኳቸው ላሞች

ከሚዛን ተፈሪ የምወጣበት ዋዜማ ማታ ልጄ ማርታ አንዴም አላለቀሰችም። ሻንጣዬን እየዘጋች፣ "እማ፣ ይሄ ሁሉ በርበሬ ምንድን ነው? አሜሪካ ወጥ አይሠራም አሉሽ እንዴ?" እያለች ትስቃለች። እኔም ሳቅኩላት። እሷ እኔ እንዳላለቅስ ነው የምትስቀው፣ እኔም እሷ እንዳታለቅስ። በኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ለሚወዱት ሰው ክፉ ነገር አይነገርም። ጠዋት በዝናብ ወደ መናኸሪያ ሸኘችኝ። "ቶሎ ታመጪኛለሽ አይደል?" አለችኝ። አመጣሻለሁ አልኳት።

ለምን ትተሻት ሄድሽ የምትሉኝ አላችሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ፎርሙን የሞላልን ማርታ የወተት ጥርሷን ስትነቅል ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ቪዛ የሚሰጠው ሰውዬ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ፣ "ሃያ አንድ ካለፋት እንደ ልጅ አትቆጠርም" አለኝ።

"ታዲያ ምኔ ናት?"

"ልጅዎት ናት። ለፎርሙ ግን ልጅ አይደለችም።"

ይቀልድ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም። "እርስዎ ይቅደሙና በኋላ ያመጧታል" አለኝ። አባቷ ሞቷል፣ ሌላ ልጅ የለኝም። በዚያች ቃል ቴፒ ላለችው እህቴ ለአበበች አደራ ሰጥቻት ሄድኩ።

ያለሁበት አገር ሜዳ ነው፣ ዛፍ ለምልክት እንኳ የለበትም። በኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ገና ከሩቅ ጫካው ላይ ሲንጫጫ ይሰማል፣ ልብስ ታስገባላችሁ። በረዶ ግን ሰላም ሳይል ቤት እንደሚገባ ሰው ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጎረቤቴን ስሟን አላውቅም። ጎደሬ ፍለጋ ወንድሜ ሁለት ሰዓት ነድቶ ወሰደኝ፤ ያገኘነው በላስቲክ የታሸገ፣ ጣዕሙ የጠፋ ነው።

ሥራ ያገኘሁት ፋርም ነው። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፣ ከብት ግን አልፈራም። ሱፐርቫይዘሬ ዳያን የምትባል ሸምገል ያለች ሴት ናት፤ በስልክ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ደውላ ሥራውን አስረዳችኝ። ላሞቹ ለወተትም ለሥጋም አይደሉም። ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው ዘረመል የሚሉት ነገር አለ፤ ከሰው ወስደው ገና ሳይወለዱ ጨምረውባቸዋል። ከዚያ የሞተ የበሽታ ተዋሲ በመርፌ ይሰጧቸዋል። የሰው ደም በሽታን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ፣ እነሱም የሰውን ዓይነት አድርገው ይሠሩታል። ደማቸው በቱቦ ይቀዳል፤ ቀዩ ይመለስላቸዋል፣ ቢጫው ይቀራል። የቀለጠ ቅቤ ነው የሚመስለው። ከእሱ ተጣርቶ ለሰው የሚሆን መርፌ ይወጣል።

"ታዲያ ሰው ናቸው ወይስ ላም?" አልኩ።

ዳያን ሳቀች። "ስታጠቢያቸው ላም ናቸው።"

እኔ የማጥበው ጋጣ ያሉት ላሞች የተከተቡት ለእብድ ውሻ በሽታ ነበር። በሥልጠናው ቀን እንዲህ አሉን፤ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብ፣ በዚያው ቀን ክትባት ይጀምር፣ ከክትባቱ ጋር ደግሞ አንቲቦዲው ቁስሉ ዙሪያ ይወጋ። "በኛ አገር እብድ ውሻ ሞልቷል" አልኳቸው። ይህን ሁሉ ሰምቼ ለማርታ አልነገርኳትም። የት ሰማሽ ብትለኝ ምን እላለሁ? ትልቅ ሱቅ ነው የምሠራው ብያት ነበር። ቴፒ ሰው "አሜሪካ ሄዳ እበት ትዝቃለች" እንዳይላት ብዬ።

አንድ እሁድ ለአበበች ደወልኩ። "እግሯ ድኗል፣ አታስቢ" አለችኝ።

"እግሯ ምን ሆኖ?"

ስልኩን ለማርታ ሰጠቻት።

"እማ፣ እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ። ቡና ከተሰጣበት ስመለስ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ሦስት ሳምንት ሆነው።"

"አጠብሽው?"

"አክስቴ የመድኃኒት ሥር የሚያውቅ ሰውዬ ጋ ወሰደችኝ፣ አጠጣኝ። አስመለሰኝ። ወጥቶልሻል አለኝ።"

"ውሻውስ?"

"በዚያው ጠፋ። እማ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው?"

ያኔ ነገርኳት። ሱቅ እንዳልሆነ፣ ላሞች እንደሆኑ፣ ደማቸው ለምን እንደሚቀዳ። መጀመሪያ ሳቀች። "አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ላም?" አለች። ስጨርስ ግን፣ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኔም እነግርሽ ነበር" አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ያ ቃል ሌሊትም ቀንም አይለቀኝም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክትባቱን ጀመረች። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋውን አንቲቦዲ ግን የለንም አሏት፤ ሌላም ከተማ ተጠይቆ አልተገኘም። እኔ ደግሞ በየቀኑ ከፊቴ ተሰቅሎ ሲንጠባጠብ አየዋለሁ። ዳያን ጋ ገባሁ። አስተርጓሚውን በስልክ አገኘነው።

"አንዲት ብልቃጥ ስጪኝ" አልኩ።

"ገና መድኃኒት አልሆነም፣ እየተሞከረ ነው ትላለች" አለ አስተርጓሚው።

"ልጄ ላይ ይሞከራ!"

"የሚሞከርበት ሰው እዚህ አገር ያለ መሆን አለበት ትላለች።"

"ይሄው አገር እኮ ነው ልጅሽ ልጅ አይደለችም ብሎ የከለከላት! አንተ፣ እንደዚሁ አድርገህ ንገራት!"

ዝግ ብሎ፣ "እትዬ፣ እኔም የአገር ቤት ልጅ ነኝ። ነግሬያታለሁ፣ እያለቀሰች ነው" አለኝ። ዳያን እጄን ያዘችኝ። ሌላ የሰጠችኝ ነገር የለም። እንዳትሰጠኝም አውቃለሁ፤ ቢጫው ውሃ ገና ስንት ቤት አልፎ ነው መርፌ የሚሆነው። ቢሆንም ከዚያ ወጥቼ ጋጣው ገብቼ ቢጫው የሚጠራቀምበትን ከረጢት በእጄ ዳሰስኩት። ይሞቃል። ትቼው ወጣሁ።

ለእናንተ የምጽፈው ስለዚህ ነው። አገር ቤት ያላችሁ፣ ውጭ ያለው ይደነግጣል ብላችሁ አትደብቁ። ውጭ ያላችሁ፣ ሥራችሁን አትፈሩ። ውሻ የነከሰውን እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ማርታ ክትባቷን ጨርሳለች። ሐኪሙ ምናልባት ደርሰንበታል ይላል፣ ምናልባት ነው የሚለው። በሽታው ወራት ሊደበቅ ይችላል፤ ከመጣ ግን መመለሻ የለውም፣ ሰውየው ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ስለዚህ በየቀኑ እደውላለሁ። ውሃ ጠጪልኝ እላታለሁ። "ዛሬም?" ትለኛለች። ዛሬም። ብርጭቆው ሲነሳ ይሰማኛል፣ ጉሮሮዋ ሲውጥ ይሰማኛል፣ "ይኸው፣ ጨረስኩት" ትላለች፣ ያኔ ሥራ እገባለሁ።

ዛሬ ስደውል፣ "ቆይ እማ፣ አሁን አልጠማኝም" አለችኝ።

"አንዲት ጉንጭ ብቻ" አልኩ።

ስልኩ ጭጭ አለ። ኔትዎርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅኩም። "ማርታ" አልኩ። "ማርታዬ፣ አንዲት ጉንጭ።"