ሳይክሌን አልጭንም፦ ከጅጅጋ ሸደር በሜዳው መንገድ

የተነሳሁት ሳይክሌ እንዳይሸጥ ነው። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም፤ ነበረኝ ብል ውሸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከጅጅጋ በሚወጣው አስፋልት ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ስሄድ አንድ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ገፍትሮኝ አለፈ። ቅልጥሜ ተሰበረ፤ እስካሁን ብረት አለበት። ሾፌሩ ዞር ብሎም አላየኝም። የሚገርመው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። ጎረቤቶቼ «እግዜር አንዴ አትርፎሻል፣ አትፈታተኚው» ይላሉ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ «የአርባ ስድስት ዓመት ሴት፣ ያውም የሒሳብ አስተማሪ፣ በሳይክል!» ይላሉ። ባለቤቴ አስቻለው ጋራዥ አለው፤ ቀኑን ሙሉ የተጨፈለቀ መኪና ሲያቃና ስለሚውል እሱ የሚታየው አደጋ ብቻ ነው። በመጨረሻ እኔን ሳያማክር ለሳይክሌ ገዢ አገኘለት።

ያን ቀን የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም። ሲበርድልን ግን ውል ገባን። የስደተኞች ጣቢያ ባለባት በሸደር ሰዓዳ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ድሮ አብራኝ ታስተምር ነበር፣ አሁን እዚያ የስደተኛ ልጆችን ታስተምራለች። ቅዳሜ በሳይክል እሷ ጋ ሄጄ እሁድ በሳይክል ከተመለስኩ ሳይክሉ የእኔ ነው። እግሬን አሞኝም ይሁን ጎማ ተበስቶ ከጫንኩት ግን እሁድ ከሰዓት ገዢው መጥቶ ይወስደዋል።

«መጫን የለም» አለ አስቻለው።

«መጫን የለም» አልኩ እኔም። «አስፋልትም አልረግጥም። በሜዳው ነው የምሄደው።»

«በየትኛው ሜዳ?»

እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ፍልሰታ የተፈታበት ሳምንት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ሰማዩ ጠርቷል። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፓምፕ፣ መፍቻ፣ ትርፍ ከመነዳሪ ይዣለሁ። ከከተማው ጫፍ ካለች ሻይ ቤት በወተት የፈላ ሻይ በሃያ ብር ጠጥቼ፣ ባጃጆቹ እየጮሁ ወደ ገበያ ሲገቡ እኔ በተቃራኒው ወጣሁ። የመጨረሻውን የቁልቋል አጥር ሳልፍ አስፋልቱ በቀኜ ቀረ። ትንሽ ቆይቶም የመኪናው ድምፅ ጠፋ።

የጅጅጋ ሜዳ ለሳይክል የተፈጠረ አገር ነው! አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬበት ይህን አለማወቄ ያናድደኛል። እኛ ከመሃል አገር ተመድበን የመጣን ሰዎች ኑሯችን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ በባጃጅ ነው። ከከተማው የምንወጣው አዲስ አበባ ለመሄድ ብቻ ነው። ሜዳው ግን እዚያው ነበር፤ ስንዴና ማሽላው አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላ የካራማራ ተራራ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ከፊት ዓይን እስኪደክም ድረስ ዳገት የሚባል ነገር የለም። አህዮችና ግመሎች የደለደሉት መንገድ ጠንካራና ለስላሳ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም መኪና አላየሁም። ከኋላዬ ምን ይመጣ ይሆን ብዬ አንገቴን ያላዞርኩበት የመጀመሪያው ሰዓት ነበር፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ።

ከዚያ መረሬው መጣ። ጥቁር ጭቃ ነው፤ ጎማውን ይይዝና ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ድርቅ ይላል። ሁለት ጊዜ በእንጨት ጫርኩት። በሦስተኛው ተናድጄ ሁለቱንም ፓራፋንጎ በመፍቻ ፈትቼ ከኋላ አሰርኳቸው። በክረምት በዚህ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ከቤቱ ሲወጣ ይፍታው።

ረፋድ፣ 4 ሰዓት

ጭቃው ስላዘገየኝ ቸኩያለሁ። አንድ ሽማግሌ ስድስት ግመሎች እየነዱ እኔ ወደምሄድበት ይሄዳሉ። ስደርስባቸው ዱላቸውን ከፍ አድርገው «ወረን!» አሉኝ። ወሬሽን ንገሪኝ ማለት ነው፤ ይህችን ሶማሊኛ ከገበያ አውቃታለሁ። እኔ ሰላምታ ብቻ መስሎኝ «ደህና ነኝ!» ብዬ እየነዳሁ አለፍኩ። ቀጥሎ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በአህያ የጫኑ ሁለት ሴቶች ከፊቴ መጡ። እነሱም እጃቸውን እያወዛወዙ ጠሩኝ። ደወሌን ደወልኩላቸውና አለፍኩ። እንዲያውም ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ መንገዱ ወንዝ ውስጥ ገባ። ወንዝ ስል፣ ሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው ይሉታል። የዚያን ቀን ግን ከዳር እስከ ዳር ቡና የመሰለ ጎርፍ ነው፤ ቁጥቋጦ ከነሥሩ እያንከባለለ ይወርዳል። እኔ የቆምኩበት ላይ ጠብታ የለም፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ነው የጣለው።

አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። አልጎደለም። እግሬ ብረቱ ያለበት ጋ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ስልኬን አወጣሁ። አስቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ብደውልለት ሥራውን ጥሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እንደማይስቅብኝም አውቃለሁ። የሚያበግነኝ ይህ ነው። «ይኸው፣ ብዬሽ አልነበር» እንኳ ሳይል ሳይክሌን ቀስ አድርጎ ይጭነዋል። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። እዚሁ አድራለሁ እንጂ አልደውልም አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ሽማግሌው ከነግመሎቻቸው ሲደርሱ እንደዚያ ብቻዬን ሳወራ አገኙኝ።

«አንቺ ነሽ የሮጥሽው?» አሉ በጥሩ አማርኛ። ስማቸው አደር ሮብሌ ነው፤ አደር አጎት ማለት ነው። በወጣትነታቸው ከብት ይዘው እስከ ናዝሬት ይወርዱ ነበር።

«አልሮጥኩም፤ ቸኩዬ ነው።»

«ወረን ስንል ሳይቆም የሚያልፍ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የቢሮ መኪና። አንቺ የትኛው ነሽ?»

አፈርኩ። ባለ አህያዎቹ ሴቶች ለካ ጎርፉ መሻገር ስለከለከላቸው ነው የተመለሱት። ለአደር ሮብሌ ቆመው ነግረዋቸዋል፤ ከወንዙ በላይ ያለው መሻገሪያ እንደሚሻልም ነግረዋቸዋል። «አንዲት ሴት ብረት ላይ ተቀምጣ፣ ስንጠራት ደውላብን ሄደች» ብለው አክለውበታል። በአስፋልት መንገድ ምልክት ይተከላል። እዚህ ምልክቱ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም እያየሁ አለፍኳቸው። የሒሳብ አስተማሪ ተብዬ!

«በይ አሁን ወረን» አሉና ቁጢጥ አሉ። ውሃውን ረስተውታል። እኔም ተቀመጥኩ። ጅጅጋ ዘነበ ወይ? ሣሩ እንዴት ነው? ሰላም ነው? የበግ ዋጋ ስንት ገባ? አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ከተማ፣ የበጉን ዋጋ እንኳ አላውቅም። እግርሽን ምን ነካው? ማን ጋ ነው የምትሄጂው? ስለ አይሱዙው ነገርኳቸው፣ ስለ ውሉም፣ ስለ ገዢውም። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም፤ አልመከሩኝምም። ስጨርስ በተራቸው የራሳቸውን ወሬ ነገሩኝና ተነሳን።

መሻገሪያው ወደ ላይ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ወንዙ እዚያ ተበትኖ ሰፍቷል፤ ግመሎቹ ውሃው ጉልበታቸው እንኳ ሳይደርስ ገቡ።

«ሳይክልሽን አምጪ፣ እዚህችኛዋ ላይ እናስረዋለን» አሉ አደር ሮብሌ።

«አይሆንም አደር። መጫን የለም ተባብለናል።»

«መኪና ላይ ነዋ!»

«መጫን ነው የተባለው።»

«ግመል መኪና ነው እንዴ?»

«ጭነት ጭነት ነው።»

«ወላሂ፣ ባልሽ ምስኪን!» ብለው ሳቁ። ሳይክሉን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ እሳቸው ከፊቴ በዱላ ጥልቀቱን እየለኩልኝ ገባሁ። ውሃው ጭኔ ድረስ መጣ። መሃል ላይ እግሬ ከዳኝና በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ሳይክሉን ግን አለቀቅኩትም። ማዶ ስወጣ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከሕመም አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ጋ ቆሜያለሁ። አንዱ ሹል ድንጋይ ካለበት መለሰኝ፤ አንዷ ደግሞ ጭቃ የሌለበትን የግራውን መንገድ አሳየችኝ። እየቆሙ መሄድ ያዘገያል ትሉ ይሆናል። ምንም አያዘገይም፤ ሸደር 11 ሰዓት ላይ ገባሁ። ሰዓዳ በሯን ከፍታ ሳታቅፈኝ በፊት «ግመል እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ወሬዬ ቀድሞኝ ገብቷል። ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በማርና በሻይ አቀረበችልኝ፤ ስንት እንደበላሁ አልቆጠርኩም።

እሁድ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

መመለሱ ቀላል ነበር። ወንዙ ወደ አሸዋነቱ ተመልሷል፤ ሳይክሉን እየገፋሁ ተሻገርኩ። በየመንገዱ ያገኘኋቸው ሰዎች ስሜን የሚያውቁ ይመስል እጃቸውን እያነሱ ያስቆሙኛል። ቤት ስደርስ አስቻለው በር ላይ ነበር፤ ብቻውን።

«ገዢውስ?»

«መለስኩት» አለ። ፊቱ ቀልቷል። «ከጠዋት ጀምሮ ሰው አላስቀመጠኝም። ከግመል ተራ ሁለት ነጋዴዎች መጥተው ‹የሚስቱን ሳይክል የሚሸጠው አንተ ነህ?› አሉኝ። ስምሽን አያውቁም፤ እግርሽ ላይ ያለውን ብረት ግን ያውቃሉ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ አልሳቀም።

«እሺ፣ አሸንፈሻል። በይ ንገሪኝ።»

«አልነግርህም» አልኩት። «ጠይቀኝ።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲገባው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እግርሽን ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«እያመመሽ ታዲያ ለምንድነው የምትነጂው?»

«በእግሬ ስሄድ አነክሳለሁ፣ አስቻለው። በሳይክል ስሄድ አላነክስም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱም፣ ጓደኛውም፣ እሱም መከሩኝ፣ ገሰጹኝ፣ አዘኑልኝ። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ይህችን ነገር አያውቃትም ነበር። አልጠየቀኝማ።