ጎኔ ማን አለ?

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመንደራችን ቃሬዛ ሠሪ ነበሩ። አጣናውን በጠፍር አስረው ሲጨርሱ፣ ሕመምተኛ ሳይጫንበት ራሳቸው ይተኙበትና "ና፣ ጎኔ ተኛ" ይሉኛል። አራት ጎረምሶች ተሸክመውን ዳገቱን ይወጣሉ። እንጨቱ ሲንቋቋ እኔ እፈራለሁ። እሳቸው ግን፣ "ዳገት ላይ ሸክሙ ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚወርድ። ሁለት ሰው ያልቻለ ቃሬዛ አንድም አይችል" ይላሉ። ስንት ወላድ በእሳቸው ቃሬዛ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ደርሳለች፤ አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት እሳቸው ታመሙ። ጭቃው መኪና አያስገባም። ቃሬዛውን ደጅ ላይ ዘርግተን እንደ ልማዳቸው ልፈትነው ተኛሁበት። ጎረምሶቹ ሊያነሱኝ ሲሉ አያቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ጎንህ ማን አለ?"

"ማንም የለም፣ አባባ።"

"እንግዲያ አልተፈተነም።"

ወንድሜ መጥቶ ጎኔ ተኛ። ቃሬዛው እየተንቋቋ ቻለን። ከዚያ እሳቸውን ጫንናቸው። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ትንፋሻቸው ቆመ። እስከዚያ ድረስ እንጨቱ ድምፅ አላሰማም፤ የሚያስጮኸው ክብደት አልቀረላቸውም ነበር።

ዛሬም ቃሬዛ ስንፈትን ከወንድሜ ጋር እንተኛለን። ጎኔ ማን እንዳለ የሚጠይቀኝ ግን የለም።