ልብስ ሰፊው ሽባባውና የእሑዱ የፎቶ ችሎት

በ1955 ዓ.ም. ዳንግላ ውስጥ ካሜራ የነበራቸው ሰዎች ጥቂት ነበሩ። አንዱ የጤና ጣቢያው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰር ምህረቴ፣ ሌላው ስልከኛው አበረ፣ ሦስተኛው ደግሞ ይህን ታሪኩን የምጽፍለት ልብስ ሰፊው ሽባባው ነው። ዛሬ ሦስቱም የሉም። የቀረው የከተማ ሰው ፎቶ የሚነሣው ለሠርግ ወይም ለመታወቂያ ሲሆን፣ እነሱ ግን ያገኙትን ሁሉ ያነሡ ነበር፤ ጭቃ የያዘው ጋሪ፣ ገበያ መሐል እንቅልፍ የጣላት ቅቤ ሻጭ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ቡሉኮ። ፊልሙን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አዲስ አበባ ይልኩታል። ታጥቦ እስኪመለስ ወር ያልፋል።

ፎቶው ሲመጣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእትየ እናትነሽ ጠጅ ቤት ይቀርባል። የሚቀርበውም እንደ ተከሳሽ ነው። በብርሌ ተደግፎ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ጠበቃ ይሆናል። ያነሣው ሰው ሙግቱ እስኪያልቅ መናገር አይፈቀድለትም። ዳኛዋ እትየ እናትነሽ ናቸው። ካሜራ ነክተው ባያውቁም ሙግት እየሰሙ ያደጉ ሰው ነበሩ። የተረታ ያጠጣል።

ሽባባው በዚያ ችሎት ያላጠጣበት እሑድ ጥቂት ነው። ከሁሉ የከነከነው ግን በጉግስ ፎቶው የተረታው ነበር። ፈረሶቹ ሁሉ ከጉልበታቸው በታች ተቆርጠዋል።

"ተጠየቅ" አለ ምህረቴ ነጠላውን እያደገደገ። "እነዚህ ፈረሶች በምናቸው ነው የሚሮጡት?"

"ወንዝ እየተሻገሩ ነው" አለ ጠበቃው አበረ።

"ወንዙ የታል?"

"ወንዙም አብሮ ተቆርጧል።"

እትየ እናትነሽ ወዲያው ፈረዱ። "በአገው ምድር ፈረስ እንዲህ ተጎርዶ አይታይም። ሁለተኛ ፈረስ ስታነሣ ከኮቴው ጀምር። አሁን አስቀዳ።"

ሽባባው ፍርዱን ልብ አለው። ያን ሰሞን ልቡ ያለው በጎረቤቷ ከተማ በአዲስ ቅዳም አካባቢ ነበርና የፈረስ ነገር ቀልድ አልነበረም። ካሳነሽ የምትባል የዚያ አገር ልጅ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ እጅጌው አልመጣልኝም እያለ ደጋግሞ አመላልሷታል። በመጨረሻ፣ "አንተ ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ለኪ ብቻ?" ብላው ቀሚሷን ይዛ ሄደች። አባቷ አቶ ገበየሁ በፈረሰኝነታቸው የታወቁ ናቸው። ሽባባው ገበያ ላይ አግኝቷቸው፣ "ከዳማ ፈረስዎ ጋር ላንሣዎት" ቢላቸው አላንገራገሩም። ያዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ፈረሴን እንዳትቆርጥብኝ።"

ቤታቸው ድረስ ሄደ። አቶ ገበየሁ በዳማው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሽባባው ወደ ኋላ ሲል ሲል ጀርባው ከቀርከሃው አጥር ጋር ተጋጠመ። ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለም። ፍርዱ ትዝ አለውና ሳጥን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከኮቴው ጀመረ። ኮቴው ገባ፣ ጅራቱ ገባ፣ ጆሮው ገባ። ጠቅ አደረገው።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመለስ ዳማው ከነኮቴው ቁጭ ብሏል፤ ፈረሰኛው ግን ከትከሻው በላይ የለም። እንደገና እንዳያነሣ ፊልሙ እስኪመለስ ዳማው በሆድ ቁርጠት ሞቷል። ይባስ ብሎ፣ ሽባባው ለካሳነሽ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ሰምተው አቶ ገበየሁ መልእክት ላኩ። "ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ፎቶውን ግን ልጁ ራሱ ይዞልኝ ይምጣ።" አግቢው ከሽማግሌ ጋር መሄዱ ወግ አይደለም። ግን ማን እምቢ ይላል?

እሑድ ፎቶው ብርሌው ላይ ተደገፈ። ሽባባው የችሎቱን ሕግ ጥሶ ቀድሞ ተናገረ።

"ዛሬ ሙግቱ ይቅርብኝ፤ ምክር ስጡኝ። ይቺን ልጅ ማጣቴ ነው።"

"የአማትህን አንገት ቀልተህ ልጃቸውን ልትጠይቅ?" አለ አበረ። "ፊልሙ ተበላሸ በላቸው።"

"ዳማው ሞቶባቸው ያችን ፎቶ ቀን ከሌት እየጠበቁ?" አሉ እትየ እናትነሽ።

መላ ያመጣው ምህረቴ ነው። ገበያ ላይ ካነሣቸው ፎቶዎች በአንዱ አቶ ገበየሁ ከሕዝቡ መሐል ይታያሉ። ጭንቅላታቸውን በቁስል መቀሱ ቆርጦ በሙጫ ለጠፈው። ልኩስ ደህና ነበር፤ ችግሩ አቶ ገበየሁ ያኔ ወደ ቅቤ ተራ ዞረው ስለነበር፣ ፈረሱ ወደፊት ሲያይ እሳቸው ወደ ኋላ ያያሉ።

እትየ እናትነሽ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት። "ከሩቅ ያስኬዳል።"

"ከቅርብስ?"

"ከቅርብ እንዳያዩት ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ከአቶ ገበየሁ ቤት ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። ጥያቄያቸው እሺ ካልተባለ አይቀመጡም። ሽባባው ከኋላቸው ቆሞ ፎቶውን አቀበለ። አቶ ገበየሁ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። ዳማውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አንገቱን ሲዳብሱ፣ ጋማውን ሲዳብሱ፣ ጣታቸው ወደ ላይ ወጣና ጭንቅላቷ ተላቃ ጉዝጓዙ ላይ ወደቀች።

አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አነሷት። "ገበየሁ፣ ይቺ ያንተ ሳትሆን አትቀርም" ብለው ሰጧቸው።

"አባባ" አለ ሽባባው ወደፊት መጥቶ፤ "ጥፋቱ የኔ ነው። ኮቴውን አስገባለሁ ስል የርስዎን ራስ አስቀረሁ። ይቺን ከሌላ ፎቶ አምጥተን ነው የለጠፍናት።"

አቶ ገበየሁና ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ በአገውኛ መነጋገር ጀመሩ። ሽባባው የሚያውቀው አገውኛ የጨርቅ ክንድና ዋጋ መጥራት ብቻ ነው፤ ከሚሰማው ውስጥ ሁለቱም የሉም። ጭንቅላቷን ያነሡት ሽማግሌ አገውኛ ያውቃሉና ወደ እሳቸው ቢያይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መሰለው።

በኋላ አቶ ገበየሁ በአማርኛ ተናገሩ። "የኔን ፊት አገር ያውቀዋል። ያጣሁት ፈረሱን ነው፤ እሱን ሳታጎድል አምጥተህልኛል። ግን ለምን ለጠፍህበት?"

"እንዳላጣት ፈርቼ ነው።"

አቶ ገበየሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "በሉ ተቀመጡ" አሉ።

አገውኛውን ከብዙ ዘመን በኋላ የነገሩኝ ራሳቸው እማማ ካሳነሽ ናቸው። ያን ለት ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። አባታቸው፣ "ምን ይሻላል፣ ልጁ ሞኝ ነው" ቢሉ እናታቸው፣ "ሞኝ እንጂ ክፉ አይደለም፤ አንተስ እኔን ስትጠይቅ ምን ነበርህ? ይልቅ ያችን ጭንቅላት ለኔ ስጠኝ፤ እሷ ቢያንስ አትናገርም" አሏቸው። የሽማግሌውን ትከሻ በሳቅ ያንቀጠቀጠው ይህ ነው።

"እርስዎስ ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉ። ቀጥለው ግን፣ "'እንዳላጣት ፈርቼ' ሲል ሰማሁት። ወንድ ልጅ ሽማግሌ ፊት ፈራሁ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር" አሉኝ።