ቅልጥሜን የሰነጠቀው ቅናት

መጀመሪያ ያመመኝ የግራ እግሬ ቅልጥም ነው። ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጣት ተጭኜ «እዚህ ጋ» የምለው ቦታ። ከልጄ ከቤዛ ጋር ከቡታጅራ በቆሼ መንገድ ሮጠን ስንመለስ፣ ልንጨርስ ስንል ጠቅ አደረገኝ። ስቆም ተወኝ። በማግስቱ ግን ገና ስንነሳ ጠቅ አደረገኝ፤ እየሞቅሁ ስሄድም ባሰብኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም። ጡንቻው የዛለ ሰው ሲሞቅ ይሻለዋል። አጥንት ግን እንዲያ አይደለም።

ያኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስጽፍ ወገቤን ስለያዘኝ ሐኪም ተንቀሳቀሺ አለኝ፤ ቤዛ ደግሞ አብሬሽ ካልሮጥኩ ብላ አለቀሰች። ጎረቤቶቼ «ማን አባሮሽ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባለቤቴ ወልቂጤ ተዛውሮ ቅዳሜ ብቻ ስለሚመጣ በሳምንቱ ውስጥ ቤቱ የእሷና የእኔ ነው። ያቺ የማለዳ አንድ ሰዓት ደግሞ ከሁሉም በላይ የእኛ ነበረች። የክፍሏን ወሬ፣ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ያየችውን ሕልም የምትነግረኝ እየሮጥን ነው። ቤት ከገባን በኋላ ብለምናትም አታወራም።

ቤዛ አሥራ አንድ ዓመት በሞላት ዓመት አዲስ የስፖርት አስተማሪ ተመደበችላቸው። ቲቸር ሰሚራ ትባላለች፤ የመስቃን ልጅ፣ ገና ሃያ አራት ያልሞላት። ትምህርት ቤቱ ሰኔ ላይ የወላጅና የልጅ ሩጫ ነበረው። ወላጅና ልጅ አብረው ይነሳሉ፣ መጨረሻውን መስመር እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልፋሉ። ወላጅ ካመመው ሰው መተካት ይችላል። ሰሚራ ልጆቹን ለዚህ ውድድር ማሠልጠን ጀመረች። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ስትሮጥ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ውስጥ የሚወራው «ቲቸር ሰሚራ እንዲህ አለች» ብቻ ሆነ። ቤዛ የጫማዋን ክር እንደ ሰሚራ አሰረች፤ ውሃ ስትጠጣ እንደ ሰሚራ ፉት ፉት አለች። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ «በአፍንጫሽ ተንፍሺ» ስላት ያልሰማችኝ ልጅ፣ ሰሚራ አንድ ቀን ብትላት ሕግ ሆነላት። ቀናሁ። ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። በገዛ ልጄ መምህር፣ በልጅ እግር ሴት ቀናሁ።

አንድ ማለዳ ሰሚራ መንገድ ላይ አገኘችን።

«የቤዛ እናት፣ እግርዎን ያነክሳሉ እንዴ?»

«ጫማው ነው» አልኳት።

«አይሆንም እንጂ ካልተሻለዎት እኔ ቤዛን ይዣት እሮጣለሁ፤ ደንቡ ይፈቅዳል።»

በቅን ልቦና ነው ያለችው። እኔ ግን ልጄን ልትወስድብኝ የመጣች መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት፣ ብሞት እንኳ እንደማላነክስ ወሰንኩ።

ወጌሻ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ከድር በአካባቢው የተመሰገኑ ናቸው፤ የተጠመዘዘ እግር ይዞ ገብቶ ቆሞ ያልወጣ የለም። ቅልጥሜን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ወረዱና አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጮህኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ወለምታ አይደለም ልጄ። ይሄ አጥንት ነው። ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«ትንሽ ብቻ ይሹልኝ ጋሼ። ሩጫ አለብኝ።»

«ወላሂ አልነካውም» አሉኝ።

ወጌሻው እንኳ አላሽም ያሉትን እግር ቤቴ ገብቼ አሳሸሁት። ቅቤ አሞቅሁና ቤዛን ጠራኋት። በትንንሽ እጆቿ ጫን እያደረገች አሸችኝ፤ ሕመሙ ዓይኔን በእንባ ሞላው። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰሚራ ነጥቄ የራሴ ያደረግኋት መስሎኝ። «ለቲቸር እንዳትነግሪ» አልኳት። «ሯጭ ሕመሟን አታወራም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

የሩጫው ቀን ዲክሎፌናክ ውጬ ወጣሁ። ከፋርማሲ ለወገቤ ነው ብዬ የገዛሁት ነው። ክኒኑ ሕመሙን አጠፋው፤ ስንጥቁን ግን አላጠፋውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ? ግማሹን መንገድ በደህና ሄድን። ቤዛ ትስቃለች። ሰሚራ መንገዱን ልትጠብቅ ጠርዝ ጠርዙን ትሮጣለች።

ከዚያ ቀጭ አለ።

ድምፁን ሰማሁት። ወደቅሁ። መነሳት አልቻልኩም። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። ቤዛ «እማዬ!» አለች። ሰሚራ ደረሰች። በአንድ እጇ እኔን ደገፈች። በሌላው የቤዛን እጅ ያዘች።

«እጇን ልቀቂ!» አልኳት።

እግሬ ተሰብሮ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ሰሚራ ለቀቀች። ቤዛ በሁለታችን መካከል ባዶ እጇን ቆመች። ከኋላችን የነበሩት ወላጆችና ልጆች እያለፉን ሄዱ።

በጋሪ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሙ ኤክስሬዩን ወደ መስኮቱ ይዞ አየና «ይህ የዛሬ አይደለም» አለኝ። «ስትረስ ፍራክቸር ነበር። አጥንት ጫና ሲደጋገምበት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ቢያርፉ ኖሮ በራሱ ይገጥም ነበር። አሁን ቲቢያው፣ የቅልጥምዎ አጥንት፣ ተሰብሯል።» ቀጥሎ እግሬ ላይ የቀረውን ብልዝ አይቶ «ማነው ያሸው?» ሲለኝ ቤዛ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ ያሳሸሁት» አልኩ። ስምንት ሳምንት በጀሶ፣ ከዚያም በክራንች።

ክረምቱን በራፌ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ዝናቡ ሲያባራ የሚያልፈውን ጋሪ እየቆጠርኩ አሳለፍኩት። ማለዳ ማለዳ ሰሚራ መጥታ ከደጅ «የቤዛ እናት፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች፤ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ እንጂ ግቢ አልላትም። ቤዛን ይዛት ትሄዳለች። ሳቃቸው እስከ መታጠፊያው ይሰማኛል፤ ሕልሟን አሁን ለማን እንደምትነግር ሳስብ ከጀሶው በታች ያለው እግሬ እንኳ ይረሳኝ ነበር።

መሮጥ ለተከለከለ ሰው የሚተርፈው ጆሮ ነው። ሁለቱ ሲመለሱ ሳላያቸው በኮቴያቸው እለያቸው ጀመር። የሰሚራ እኩል እኩል ነው። የቤዛ በሐምሌ አጋማሽ ተለወጠ፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይነካል ብቻ። ሲነጋ ከአልጋዋ ወርዳ በጣቶቿ ጫፍ ስትሄድም አየኋት።

«ተረከዝሽን ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም።»

ተረከዟን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ያዝ ሳደርገው ዘለለች። ከንፈሯን ግን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቆየ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ቤዝዬ?»

«ሯጭ ሕመሟን አታወራም ብለሽኝ። ደግሞ ብነግርሽ ቲቸር ናት ያሳመመችሽ ብለሽ ታስቀሪኛለሽ።»

ልክ ናት። እል ነበር። ቅልጥሜ ሲሰበር ያልተሰማኝ ሕመም ያኔ ተሰማኝ። የራሴን አጥንት ሰብሬ አልበቃኝ ብሎ የእሷንም አፍ ዘግቼዋለሁ።

ሰሚራ የተከራየችበት ግቢ ከእኛ ሦስተኛው ነው። በክራንች፣ በጭቃ፣ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች።

«ቤዛን አሟታል። ደብቃን ነው። መደበቁን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኳት። የሩጫው ቀን «እጇን ልቀቂ» ስላልኳትም ይቅርታ ጠየቅኋት። ሻሿን እንኳ አስተካክላ ሳታስር ጋሪ ልትጠራ ሮጠች።

ሐኪሙ ያው ነበር። የቤዛን ተረከዝ አየና «ካልኬኒያል አፖፊዛይቲስ ነው» አለ። «አጥንቷ የሚያድግበት ቦታ ላይ ሩጫው በዝቶበት ተቆጥቷል። አትፍሩ፣ ያልፋል። ግን ሕመሙ እስኪጠፋ አትሮጥም።» ከዚያ እኔንም ሰሚራንም በየተራ አየን። «ሁለት የሚያሠለጥኗት ሴቶች እያሉ አንዳችሁም አልጠየቃችኋትም?»

ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ያን ያህል ተቀራርበን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የመዳን ታሪክ ነውና ዝግ ብዬ ልናገረው። ሰሚራ ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ስፖንጅ ቆርጣ በቤዛ ጫማ ውስጥ ከተረከዟ ሥር ሰፋችላት፤ ከጁስ ቤት በረዶ በላስቲክ እያመጣች ትይዝላታለች፤ ከዚያም ሦስታችንም ግድግዳ ገፍተን የባታችንን ጡንቻ እንስባለን፤ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ። ነሐሴ መጨረሻ ጀሶው ሲፈታ እግሬ የሌላ ሰው እስኪመስል ከስቶ ነበር። መጀመሪያ እስከ መስጊዱ፣ ቀጥሎ እስከ ገበያው፣ ከዚያ የቆሼ መንገድ እስከሚጀምርበት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ቤዛም ተረከዟ ተሽሏት በቀስታ መሮጥ ጀመረች።

በዓመቱ ሩጫው ሲመጣ ሐኪሙ ገና ነዎት አለኝ። በምትክ ወላጅ ቦታ ላይ የሰሚራን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩ። እጅ ለእጅ ተያይዘው መስመሩን ሲያልፉ አጨበጨብኩ፤ እያጨበጨብኩም ውስጤ ተቃጠለ። ከዚህ በሽታ ዳንኩ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

ጋሽ ከድርን እጃቸውን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፤ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ወጌሻ ግማሽ ሐኪም ነው። ያን ሐኪም አመሰግናለሁ። ሰሚራን ከሁሉም በላይ። እንደኔ ከልጃችሁ ጋር የምትሮጡ ሁሉ፣ በአንድ ጣት የምትነኩት ሕመም አጥንታችሁ ላይ ካለ አታሻሹት፣ በክኒን አታፍኑት፤ አርፉና ሐኪም አሳዩት። የልጅም ተረከዝ ሲያም እድገት ነው ብላችሁ አትለፉት። እናንተ ማነከሳችሁን ከደበቃችሁ ልጃችሁም ትደብቃለች፤ ከእናንተ በተሻለም ትችልበታለች።

ዛሬ ሦስታችንም አብረን ነው የምንሮጠው። ከመነሳታችን በፊት ደጃፌ ላይ ቆመን እያንዳንዳችን የሚያመንን እንናገራለን፤ «ምንም» ማለት ክልክል ነው። ትናንት ሰሚራ ጥርሷን አለች። ቤዛ የጎን ውጋት አለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ቅልጥሜን ዳበስኩት፤ ደህና ነው።

«ዛሬ ቅናት ነው» አልኩ።

ቤዛ እንደ ሐኪሙ ኮስተር ብላ አየችኝ። «በጣም ነው? መሮጥ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አልኳትና ተነሳን።