በሰርጌ ጠዋት ያልጠየቅሁት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤዛ ሱሉልታ ወደሚገኘው ቤቷ ጠርታን ሄድን። ሰርጓን የሚያዘጋጁት ራሷና ጓደኞቿ ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው አንዷ ከወረቀት አበባ ትሠራለች፣ አንዱ በስልኩ የጥሪ ካርድ ይነድፋል፣ ሌላዋ ደግሞ የሙሽሮቹ ወንበር በምን ጨርቅ ይሸፈን እያለች ከሁሉም ጋር ትጨቃጨቃለች። እኔም አርፌ መቀመጥ አልወድም፣ መቀስ ተቀብዬ ገባሁበት። መሃል ላይ ቤዛ ቀና ብላ፣ «አክስቴ፣ አንቺ ያኔ ከሁሉም በላይ ያስፈራሽ ምን ነበር?» አለችኝ። «ወጡ እንዳያንስ» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። ዋሽቻት ነው።

እኔ ያገባሁት ቡራዩ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። አዳራሽ ለእኛ ቢጤ የሚታሰብ አልነበረም። እኔና የልብ ጓደኛዬ ሙሉ ግን «እንዲያውም ከአዳራሽ የሚበልጥ እንሠራለን!» ብለን ፎከርን። ቀሚሴን የሰፋችው ራሷ ሙሉ ናት፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ስላጠረባት በፎቶዎቼ ሁሉ ላይ ግራ እጄን አጥፌ ነው የምታዩኝ። ወንድሞቼ ከገፈርሳ በኩል የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቄጤማ በጋሪ ጫኑልን፤ የድንኳኑን ምሰሶዎች በቅጠሉ ልንጠቀልል ነበር ሐሳባችን። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት፣ ሁሉም የእድር ነው። የእድር ዕቃ ደግሞ ሕግ አለው፤ ለሰርግም ይሰጣል፣ ሰው ከሞተ ግን ኀዘን ይቀድማል። ተተክሎ እንኳ ቢሆን ይነቀላል። ደግሞስ ጎረቤቱ ለቅሶ ተቀምጦ አጠገቡ የሚጨፍር ማን አለ?

ሰርጌ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአጥር ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ አልጋ ያዙ። እድሜያቸውን በእርሻ የኖሩ፣ እኔን በሕፃንነቴ አዝለው ወንዝ ያሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ታዲያ መታመማቸውን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ድንኳኔን።

ጾም ሊገባ ጥቂት ነበር የቀረው። ሰርጉ የተቆረጠበት እሁድ ካመለጠን እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። ጠላው ተጠምቋል፣ እንግዳው ተጠርቷል፣ ሰበታ ያሉት የእጮኛዬ የታደሰ ዘመዶች ሚኒባስ ተከራይተዋል። የታደሰ እርጋታ ያናድደኛል። «ቢሆንስ? ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን» ሲለኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩት።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ የሚዞረው ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ በጥር ቅዝቃዜ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አዳምጥ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ኦቦ ገመቹ ሲያስሉ እሰማና፣ «እሰይ፣ ዛሬም አሉ!» ብዬ እተነፍሳለሁ። በሰው ሳል ደስ ይላል? እኔን ይለኝ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ የአጃ አጥሚት ይዤ እሄዳለሁ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ? እንዴት አደሩ?»

«ፈያ ነኝ። ገለቶሚ፣ ተባረኪ ልጄ» ይሉኛል፣ ድምፃቸው በየቀኑ እየሳሳ። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ ይመርቁኛል፣ ጎረቤቱም ደግነቴን ያወራል። እኔ ግን አጥሚቱን እያጠጣሁ ትንፋሻቸውን ነበር የምቆጥረው።

ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበረከክሁና፣ «ጌታዬ፣ እስከ ሰኞ ብቻ አቆይልኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ጆሮዬ ሲሰማው ሰውነቴ በረደ። ቃሉን ልመልሰው አልቻልኩም፤ ሌላ ጸሎትም አልመጣልኝም። እንደዚያው ተነሥቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ጮኸ። ወይኔ! አልጋው ጫፍ ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። ለሰርጉ ሥራ እኛ ቤት የምታድረው ሙሉ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ወጣች። ስትመለስ በሳቅ ልትሞት ነው። «ስብሰባ ነው! የእድር ስብሰባ አለ ነው የሚለው!» እሷ ስትስቅ እኔ ተነሥቼ አጥሚቱን ጣድሁ።

ዓርብ ዕለት አደ ጫልቱ ውሃ ሊቀዱ ወጡና ከኦቦ ገመቹ ጋር ብቻችንን ቀረን። ትራሳቸውን ሳስተካክል ትኩር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እኔን ልትጠይቂ ነው የምትመጪው፣ ወይስ አለመሞቴን ልታረጋግጪ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልዋሽ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ። እስከ ሰኞ አቆይልኝ ብዬ ጸለይኩ» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳሉ እስኪነሣባቸው፣ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አይ አንቺ ንፉግ! እስከ ማክሰኞ ብትይ ምን ነበረበት?»

እያለቀስኩ እኔም ሳቅሁ። እጄን ያዙና፣ «አይዞሽ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። እጃቸው በረዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የባሰ ፈራሁ።

እሁድ ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። ጡሩምባ አልተነፋም። ሳል ግን የለም። ጠበቅሁ። ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማው የዶሮ ጩኸት ብቻ ነው። እንደ ልማዴ ልሄድ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከተትሁ፤ መልሼ አወጣሁት። እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል አልኩ። ተሽሏቸውም ይሆናል አልኩ። ሙሉ ነቅታ፣ «ዛሬ አጥሚቱን አትወስጂም እንዴ?» ስትለኝ፣ «ሙሽራ ከቤት አትወጣም» አልኳት።

ሰርጉ አማረ። ሰው ሁሉ ድንኳኑን እያየ ተደነቀ፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ከዶሮ ወጡ ጋር ተቀላቅሎ ግቢውን ሞላው። ምሳው መሃል ላይ አደ ጫልቱ ነጭ ለብሰው ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ከዚያ ፊታችን መጥተው፣ «ገመቹ መምጣት አልቻለም። መርቂልኝ ብሏል። ሆራ ቡላ! ውለዱ፣ ክበዱ!» አሉን።

ጎንበስ ብለው ሲስሙኝ ፊታቸው ከፊቴ አንድ ስንዝር ነበር። ዓይናቸው ደርቋል። አፌን ከፈትሁ። በየማለዳው የምጠይቀውን፣ «ኦቦ እንዴት አደሩ?» ልል ነበር። እናቴ እየሳቀች ነበር፤ ወንድሞቼ እስክስታ ወርደዋል።

«ምሳ ቀምሰዋል፣ አደ?» አልኳቸው።

«ቀምሻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ።

ሰኞ የኦቦ ገመቹ መርዶ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት የአማቶቼ ቤት፣ ሰበታ ደረሰ። አማቴ «የእጅሽ ሂና ሳይደርቅ ለቅሶ ቤት? አይሆንም!» ብለው በር ላይ ቆሙ፤ ታደሰ ለምኗቸው ወጣን። ታክሲ እየቀያየርን ቡራዩ ስንደርስ ከቀብር መመለሻ ሰዓት ነበር። ድንኳኑ ከእኛ ግቢ ተነቅሎ አጥሩን ተሻግሯል። ምሰሶዎቹ ላይ የእኛ ቅጠል እንደተጠቀለለ ነው። ፍራሹ ዳር ተደፍቼ አለቀስኩ።

አደ ጫልቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ትናንት ሊነጋጋ ሲል ነው ያረፈው። የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። እሁድን አሳልፉላት ብሎ አስምሎን ነበር።» ከዚያ ራሴን ዳበስ አደረጉ። «እግዜር ይስጥሽ፣ አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝ መዋሸት አልችልም ነበር። ገብቶሽ ዝም አልሽልኝ።»

ገብቶኝ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ዝም ያልኩት ግን ለእሳቸው አዝኜ አይደለም። ለድንኳኔ፣ ለቀሚሴ፣ ለእንግዶቼ ፈርቼ ነው። ይህን ልነግራቸው ከሰበታ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ሄድኩ፤ ደርሼ ስለ ልጆቼ አውርቼ፣ ስለ ድንቹ ዋጋ አውርቼ እመለሳለሁ። ዛሬ እሳቸው ያኔ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ለቤዛም «ወጡ እንዳያንስ» እያልኩ እቀልዳለሁ። ፍርሃት እንዲህ ሳይለቅ አብሮ እንደሚያረጅ አላውቅም ነበር። አደ ጫልቱ ካረፉም ቆዩ። ባላቸው አስከሬን ሆኖ ቤት ውስጥ ተኝቶ ለእኔ እልል ያሉት ሴት፣ እኔን እንዳመሰገኑ ሞቱ።